ከበሮ መቺ አማች

ኢዩኤል ማኅደርን ለማግባት የላካቸው ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። አባቷ፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ ደምሰው፣ «ልጄን ለከበሮ መቺ አልድርም!» ብለው ጉዳዩን ዘግተውታል። ፍቅር አላስቀምጥ ያለው ኢዩኤል በነጋታው ራሱ ሄዶ ሳሎናቸው ውስጥ ቆመ። ተቀመጥ ያለው ግን አልነበረም።

«ጋሼ፣ እኔ ዘፋኝ ነኝ እንጂ ከበሮ ነክቼም አላውቅ» አላቸው። «አሁን እኮ ከበሮ የሚመታው በኢንተርኔት ነው። ምት የሚሠራበት ድረ ገጽ አለ፤ እሱን ከፍተው ስክሪኑ ላይ ያሉትን ትንንሽ ሳጥኖች ጫን ጫን ሲያደርጉ ምቱ ራሱ ይመጣል። ሥራ የፈታ ሁሉ ይሠራዋል።»

«ሥራ የፈታ?» አሉ ዳኛው ፊታቸውን ቅጭም አድርገው። «እስቲ አሰማኝ።»

ኢዩኤል ዘፈኑን ከስልኩ ከፈተላቸው። ዳኛው የምስክር ቃል እንደሚሰሙ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ልጁን ላብ አጠመቀው።

«ምቱን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም ጋሼ። አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው እዚያው ድረ ገጽ ላይ ለቆት ነው ያገኘሁት። መጨረሻው የተንዛዛ ስለመሰለኝ ግን ቆረጥ አድርጌዋለሁ።»

ዳኛው ብድግ ብለው የጓዳውን በር ዘጉ። ከዚያ ባለቤታቸው እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ያቺን መጨረሻ ለማሳመር ስንት ቀን እንደለፋሁ ታውቃለህ?» አሉት። «ማን ቁረጣት አለህ?»