ባለእጀታው ብረት

ሸጋው ብረቱን ደረቱ ላይ ይዞ ቁጢጥ እንዳለ፣ አከራዩ አያ ጓንጉል በሩን ሳያንኳኩ ይገባሉ።

"ዛሬም ይኸን ነገር ብትጥለው ቤቴን ትለቃለህ" ይላሉ። "ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጧቱ ግድግዳዬን አራገፍኸው።"

ሸጋው ቁጢጥ የማለት ልምምዱን የጀመረው ከደሃና ወረዳ በተመለሰ ማግስት ነው። የግብርና ባለሙያ ነውና ገበሬዎቹ ማሳ ዳር ቁጢጥ ብለው ሲያዳምጡት፣ እሱም አብሯቸው ዝቅ አለና በጀርባው ተዘረረ። ማንም አልሳቀም። ከሁሉ የባሰው አለመሳቃቸው ነው።

ስልኩ ላይ ያያቸው አሠልጣኞች የሚያነሡት ኬትልቤል የሚባል ባለእጀታ ብረት ሰቆጣ ገበያ የለም። አበርገሌ ለመስክ ሥራ በወረደ ጊዜ ግን ጭቃ የጋገረበት ዝገታም ብረት ከመንገድ ዳር አገኘ፤ የመኪና ዕቃ መሰለው። እጀታ በሽቦ አሰረለት፣ በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ጠቀለለው፣ መዘነው። ሃያ ሁለት ኪሎ። ከዚያ በላይ አልመረመረም።

ዛሬ ከመነዳሪው ተበጥሶ የብረቱ ሹል ጫፍ ወጥቷል። አያ ጓንጉል ጫፉን ያያሉ። በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ።

"ልጄ" ይላሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል። "እንዳትጥለው።"

"አልጥልም አያ፤ ግድግዳዎን..."

"ግድግዳውን ተወው። የያዝኸው የመድፍ ጥይት ነው። ያልፈነዳ።"

ሸጋው እስከዛሬ ስንቴ እንደጣለው ማስላት ይጀምርና ይተወዋል። ተረከዞቹ እንደወትሮው ከመሬት ተነሥተዋል፤ በጣቶቹ ቆሞ ወደ ፊት እያዘነበለ ነው። እዚህ ላይ ሲደርስ ነው ሁልጊዜ የሚጥለው።

"ይቀበሉኝ።"

አያ ጓንጉል ቀኝ እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ሁለት ጣት ነው ያለው።

"እንግዲያው ይውጡ።"

"ከገዛ ቤቴ?"

ጋቢውን ከአልጋው ይስቡና አጥፈው ከሸጋው እግር ፊት ያነጥፉታል። ከዚያ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ይላሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በርጩማ ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ።

"እኔን እይ። ጉልበትህን ክፈት። በክርንህ ወደ ጎን ግፋው።"

ሸጋው ይገፋል። የላብ ጠብታ ብረቱ ላይ ያርፋል፤ ሁለቱም ጠብታውን ያዩታል።

"ተረከዝህስ?"

"እምቢ አለኝ።"

"ተነሥተህ ልትሄድ ስለምታስብ ነው። መኪና እንደሚጠብቅ ሰው ሁን። መኪናው እንደሆነ አይመጣም። ተቀመጥ።"

ሸጋው ይጠብቃል። ትንፋሹን ቀስ እያለ ይለቃል። ዳሌው ትንሽ ይወርዳል፣ ደግሞ ትንሽ። ክንዶቹ ይዘረጋሉ። ብረቱ በጉልበቶቹ መካከል አልፎ ጋቢው ላይ ያርፋል። ምንም ድምፅ የለም።

"አሁን ጣቶችህን። አንድ ባንድ።"

የመጨረሻው ጣት እጀታውን ይለቃል። ብረቱን መሃል አድርገው፣ እንደ ሁለት ሽማግሌ ተፋጠው ቁጢጥ ብለዋል።

"በል፣ ቀስ ብለህ ተነሣ" ይላሉ አያ ጓንጉል በሹክሹክታ። "እንውጣ።"

ሸጋው አይነሣም። አንገቱን ደፍቶ እግሮቹን ያያል። ሁለቱም ተረከዞቹ መሬት ይዘዋል።