ጉም የሚጠጣው አደራ

የውጭው በር ላይ ቁልፍ ሲዞር ወይዘሮ ተሻለች ሙቁን ውሃ እስከ መጨረሻው ከፈቱትና የሻወር ቤቱን በር ገርበብ አደረጉት። ሥር የሌለውን ተክል ከተሰቀለበት ሽቦ አውርደው በሁለት እጃቸው እንፋሎቱ ላይ ያዙት። ቅጠሉ እንደ ጭድ እየተሰባበረ መዳፋቸው ላይ ረገፈ። «በእመብርሃን፣ አታዋርደኝ። ትንሽ ጠጣ» አሉት።

ልጃቸው ጽዮን ሊጠይቋት በመጡበት ኪራይ ቤቷ ትታቸው ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ አደራ ያለቻቸው ይህንኑ ብቻ ነበር። «እማዬ፣ የዚህ ተክል አገሩ የፔሩ ባሕር ዳር በረሃ ነው። ዝናብ አያውቅም፣ ጉም ነው የሚጠጣው። ውሃ እንዳታጠጪው፤ ሻወር ስትወስጂ በሩን ዝጊ፣ እንፋሎቱ ይበቃዋል።» እሳቸውም እሺ ብለዋት ነበር።

«እማዬ? ምን ሆነሽ ነው?» ጽዮን ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ በሩን ገፍታ ገባች።

«አደራሽን በላሁ፣ ልጄ» አሉና የደረቀውን ተክል ዘረጉላት።

ጽዮን ግን ተክሉን አላየችውም። ዓይኗ ከበሩ ኋላ ባለው ባልዲና በላዩ በሚንሳፈፈው የፕላስቲክ ጆግ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብላ ጣቷን ነከረችበት። ውሃው በረዶ ነው።

«ሙቁ ወጪ እንዳያበዛብሽ ብዬ እኮ ነው። ለሱም እንፋሎቱ ቀረበት።»

«ሙቅ ውሃው ኪራዩ ውስጥ አለ፣ እማዬ። ከመጣሽ ጀምሮ በዚህ ነው የምትታጠቢው? በዚህ ብርድ?»

ጽዮን ባልዲውን ገንዳው ውስጥ ደፋችው፤ ጆጉን ከሙቁ ሞልታም እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ነይ፣» አለች፣ በሩን በእግሯ እየዘጋች፣ «ጀርባሽን ልሽልሽ።»