የለቅሶው እሳት

በሩን በትከሻዬ ገፋሁት፤ ንቅንቅ አልል አለ። ከበላዩ ያለው መብራት ቀልቷል።

«አየሩ ከፍቷል ማለት ነው» አለ ባለቤቴ ተካልኝ፣ ከሶፋው ሳይነሳ።

«እኔም ዓይን አለኝ! ስንቅነሽ ትናንት ባሏን ቀብራ ዛሬ ድንኳን ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች እኮ!»

«ደውይላታ።»

«ስልኳ ቤት ውስጥ ነው። የሷም በር ተቆልፏል!»

ድሮ የአየር መለኪያው ለከተማው ሁሉ አንድ ነበር፤ የሚለውንም የሚሰማው አልነበረም። ዘመነ ተባለና በየመብራት ምሰሶው ተሰቀለ። አሁን ጭስ ካገኘ አየሩ እስኪጠራ የሰፈሩን በር ሁሉ ይቆልፋል። ለጤናችሁ ነው ይሉናል።

በመስኮቱ አየኋት። ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። መለኪያው ከተሰቀለበት ምሰሶ ሥር የእድሩ ትልቅ ድስት ማገዶ ላይ ተጥዶ ይጨሳል። ጠዋት አቀጣጥዬ የጣድኩት እኔ ነኝ። የለቅሶ ወጥ መቼም በማገዶ ነው የሚሠራው፤ መለኪያው ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ጥቁር ቀሚሴን ልለብስ ቤት ገባ ባልኩበት ተቆለፈብኝ።

«ስንቅነሽ! እሳቱን አጥፊው! እሳቱን!»

መስኮቱም ታሽጓል፤ ድምፅ አያሳልፍም። መስታወቱን እየደበደብኩ በእጄ ወደ ድስቱ አመለከትኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «መጣን» ያልኳት መስሏት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሳች፤ ለለቀስተኛው ወጡ እንዳይቀዘቅዝበት ብላ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረች።