ሦስተኛው መደብ

ፀጉር ሠሪዋ ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና ካሳነሰች በሦስተኛ ወሯ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ቀንሳለች። ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፏት። ደረጃ ስትወጣ ማለክለክ ቀረ። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ሰኞ ጠዋት ስታበጥር ማበጠሪያው እፍኝ ፀጉር ይዞ ወጣ። ማክሰኞም እንደዚያው።

ሐኪሙ አልተገረመም።

«የሚጠበቅ ነው» አላት። «ሰውነትሽ ደንግጦ ነው። እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ሥጋውን አትተዪ። በስምንተኛው ወር ገደማ ይመለሳል። የሚቀባ ነገር አያስፈልግሽም።»

ስምንተኛውን ወር መጠበቅ ለሐኪም አፍ ቀላል ነው። እሷ ግን ለቀዶ ጥገናው ብላ የዘጋችውን የሴቶች ፀጉር ቤት ከአንድ ወር በኋላ፣ ቅዳሜ ቀን ልትከፍት ነው። ደንበኛ መስታወት ፊት ተቀምጣ የምታየው የራሷን ፀጉር ብቻ አይደለም፤ ከኋላዋ የቆመችውንም ሠሪ አናት ታያለች። «የእኔን ፀጉር የምትሠራው ይቺ ናት?» ብላ ፀጉሯ የተጠቀለለበትን ቢጉዲ ነቅላ የወጣች ቀን ሱቁ አለቀለት።

እስክታገግም ያረፈችው እናትና አባቷ ቤት ነው። አባትየው ሽንኩርት ያመርታል። ቃል ከአፉ የሚወጣው ተለምኖ ነው። አዲስ ዘር ወይም አዲስ ማዳበሪያ ሲመጣ ዝም ብሎ ማሳ ላይ አይበትንም፤ ጓሮ ውስጥ ትንንሽ መደቦች ያሰምርና ይጠብቃል። አምና ጎረቤቶቹ ባልታወቀ ማዳበሪያ ማሳ ሙሉ ችግኝ ሲያቃጥሉ እሱ ያጣው አንዲት መደብ ነው። ልጁ ስለ ቀዶ ጥገናው ስታማክረውም የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«በሌላ ሰው ላይ ሞክረውታል?»

«በስንት ሺህ ሰው ላይ፣ አባባ!»

«እንግዲያው ይሁን።»

የፀጉሯ ወሬ ሲሰማ ጓደኞቿ አራት ጠርሙስ ላኩላት። ሁለቱ ዘይት ናቸው፤ አንዱ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ውሃ። ሌላው ጽሑፉ የማይነበብ፣ ሲከፈት አፍንጫ የሚሰረስር ፈሳሽ ነው።

«ዋናው እሱ ነው» አለቻት የላከችው። «ድንጋይ ላይ ያበቅላል!»

ፀጉር ሠሪዋ ጠርሙሶቹን ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ጽፋባቸው መስኮቱ ላይ ደረደረቻቸው። የሚሰረስረው ሦስተኛው ሆነ። ሐኪሙን ፈርታ ግን አልነካቻቸውም።

«ሱቁን ልከፍት አንድ ቀን እስኪቀረኝ እታገሣለሁ» አለች በምሳ ሰዓት። «እስከዚያ መርገፉን ካልተወ፣ ዓርብ ሦስተኛውን አናቴ ላይ እገለብጠዋለሁ።»

«ምን ያስጠብቅሻል?» አለች አብራቸው የምትኖረው የአባቷ እህት። በአገጯ ወደ ወንድሟ ጠቆመች። «በዚህ ቤት መላጣ አንድ ይበቃናል።»

አባትየው መብላቱን ቀጠለ።

በሳምንቱ ጠርሙሶቹ መጉደል ጀመሩ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፣ ከአራቱም እኩል። የፀጉር ሠሪዋ የቅንድብ እርሳስም ዶልዱሞ ተገኘ። የእጅ መስታወቷ ጠፍቶ ሰነበተና ሽንኩርት ማስቀመጫው ቤት ውስጥ ብቅ አለ።

«ተደብቃ ነው የምትቀባባው» አለች ለእናቷ።

«ማን?»

«ማን ይሆናል፣ እማዬ? ወይስ ቅንድብ የምትስዪው አንቺ ነሽ?»

«እኔ? ፊቴን የምታጠብበት ጊዜ መቼ አገኘሁና!»

በቤቱ ውስጥ ቅንድቧን የምትስል ሌላ ሴት አክስትየው ብቻ ነች። ይባስ ብሎ ከሰሞኑ ፀጉሯን በሻሽ ጠፍንጋ አትፈታም። ስትጠየቅ «ራሴን አሞኛል» ትላለች።

እናትየው ግን ሌላ ነገር ነው ያናደዳት።

«አንተ ሰው፣ ገበታ ላይ ባርኔጣ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ብርድ ነው» አለ ባሏ።

«በዚህ ሐሩር!»

ባርኔጣውን ወደ ታች ሳብ አደረገ። እሷም ተወችው።

ዓርብ ደረሰ። ፀጉሩ መርገፉን አልተወም። ፀጉር ሠሪዋ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሦስተኛውን ጠርሙስ አነሳች። ባዶ ነው። በቀጥታ ወደ ምሳው ገበታ ሄዳ ጠርሙሱን አክስቷ ፊት ዘጭ አደረገችው።

«ጨረስሽው አይደል? ደግ! እስቲ ሻሽሽን ፍቺና ምን እንዳበቀልሽበት እንይ!»

አክስትየው ቀላች። እናትየውን አየች፣ ወንድሟን አየች፣ ከዚያ ሻሹን ፈታችው። ፀጉሯ ካሮት መስሏል።

«ጥቁር ቀለም ነው ብለው ነው የሸጡልኝ!» አለች ልታለቅስ ደርሳ። «ነገ ስትከፍቺ የመጀመሪያ ደንበኛሽ ሆኜ ታስተካክዪልኛለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ ጭራሽ ሌባ ታደርጊኝ?»

እናትየው ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፀጉር ሠሪዋ ግን ወንበር ስባ ቁጭ አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ታዲያ ማን ነው? ነገ በየትኛው አናቴ ሰው ፊት ልቁም?»

አባትየው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሦስተኛውን እኔ ነኝ የደፋሁት።»



«አባባ! ለምን? ያለኝ ተስፋ እኮ እሱ ነበር!»

«ያቃጥላል።»

«ሌሎቹስ?»

«አይጎዱም፤ አያበቅሉም። ሐኪምሽን ስሚ፣ ልጄ። እንቁላልሽን ብዪ።»

«ቆይ፣ አንተ በምን አወቅህ?»

አባትየው ባርኔጣውን አወለቀ፤ መላጣው በቅንድብ እርሳስ ተሰምሮ አራት መደብ ሆኗል፤ ሦስተኛው መደብ ቆስሏል።