ስም የሚጠራው በር

ለመንደራችን የሚናገር ሽንት ቤት ተሠራልን። ሆዱ ውስጥ ትል ያለበት ሰው ገብቶ ሲወጣ፣ በሩ ስሙን ጠርቶ ይለፍፍበታል። ጥበብ ማለት ይሄ ነው አሉን!

የልጄን ሚስት ትርንጎን ገና በሁለት ወር እርግዝናዋ ለፈፈባት፤ ክኒኑ ግን ሦስት ወር ሳይሞላት አይሰጥም ተባለ። ከበሩ ፊት ለፊት ቦኖው ላይ ለውሃ የተሰለፉት ሁሉ ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ በባዶ እግሯ ባሕር ዛፉ ሥር ሄዳ ትጸዳዳለች።

ዛሬ አልጋዋን ሳነጥፍ በራስጌዋ በኩል ግድግዳው ተቦርቡሮ አገኘሁት። ምርጊቱን በጥፍሯ እየፋቀች ትበላዋለች። የዓይኗን ቆብ ገልጬ ባይ ደም የሚባል የለም፤ የስድስት ወር ሆዷም የአራት ወር ያህላል።

የጤና ሠራተኛዋ ውድነሽ መጥታ በሩ የሚልክላትን ስልኳ ላይ አየችና፣ "እማማ፣ ደስ ይበልዎት፤ ትል ያለበት ሰው እቤትዎ የለም ይላል" አለችኝ።

"በሩ በእሱ ያልገባን ሰው ሆድ በምን ያውቃል? እኔ ፊደል ሳልቆጥር የገባኝ ነገር አንቺን እንዴት ጠፋሽ?" አልኳት።

ትርንጎን ክንዷን ይዤ፣ የቦኖው ሰልፍ ሞልቶ ሳለ ወደ ሽንት ቤቱ ወሰድኳት፤ ውድነሽም ተከተለችን። ገብታ ስትወጣ በሩ ስሟን ለፈፈ።

"አዎ፣ ትል አለባት!" አልኩ ከበሩ አብልጬ ጮኼ። "ከናንተ ውስጥ ባሕር ዛፉ ሥር የማትሄደው የትኛዋ ናት? ትውጣና ትሳቅ!"

ትርንጎ ውድነሽ የሰጠቻትን የትል ክኒን እዚያው ዋጠች። አንዲት ሆዷ የገፋ ሴት ጀሪካኗን አስቀምጣ ወደ በሩ መጣች።

"እናንተስ?" አልኳቸው የቀሩትን። "ሳቁ እንጂ!"