የወርቅ ሠሪው እጅ ለምን ተንቀጠቀጠ?

ይቅርታ... የእጅ ጽሑፌ አያምርም፣ ፊደልም እሳሳታለሁ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ነው ያቆምኩት። በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ ነው የላክሁት። አድሚን አስተካክለህ ለጥፈው፣ ስሜን ግን እንዳትጽፍ።

ቀለበቱ ከአባቴ ወረንጦ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ...

በዚያ ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ነበር።

አባቴ መድኃኔ ይባላል። ፒያሳ፣ ከአንድ ወርቅ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ወርቅ ሠርቷል። እኔ ምሳ ላደርስለት ሄጄ ነው ያየሁት።

ነሐሴ ነው፣ ውጭ ይዘንባል... እሱ ግን በላብ ርሶ መስኮት ክፈቱ ይላል።

አጠገቡ የሚሠራው ጓደኛው ጋሽ ሐጎስ ቀለበቱን አንስቶ ሰጠው።

"መድኃኔ፣ ትበይደዋለህ ወይስ እስክስታ ታስመታዋለህ?"

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ሁሉ ሳቁ።

መጠጥ ቤት የሞላበት ውቤ በረሃ ቅርብ ነው... ወርቅ ሠሪ እጁ ከተንቀጠቀጠ መጠጥ ጀምሯል ይባላል። አንዱማ እጅህን ያጸናልሃል ብሎ በውሃ ፕላስቲክ አረቄ ይዞለት መጥቶ ነበር። አባቴ አልነካውም።

ቤትም ሌላ ሰው ሆነ።

ቁጭ አይልም... ይነሳል፣ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይነሳል። የሁለት ሰው ምግብ ይበላል፣ ግን ቀበቶው ላይ በየጊዜው አዲስ ቀዳዳ ይበሳል።

አንድ ቀን ሽሮው ቀዘቀዘ ብሎ ሳህኑን ገፋው። ወድቆ ተሰበረ። ክፉ ቃል ተናግሮኝ የማያውቅ ሰው... ያን ቀን ተናገረኝ።

ከሳምንት በኋላ የወርቅ ቤቱ ባለቤት አቶ እሸቴ ትንሽ እረፍ ብለው ወንበሩን ለሌላ ሰው ሰጡት። መጠጣትህን ከቅርብ ሰውህ ነው የሰማሁት አሉት። ማን እንደሆነ አልነገሩትም።

አባቴ ጋሽ ሐጎስን ጠረጠረ።

ሃያ ዓመት ከአንድ ሳህን የበሉ ሰዎች... ሰላምታ አቆሙ።

አባቴ መሣሪያውን ይዞ ቤት ገባ። አንድ ቀን ረይሀና የምትባል የድሮ ደንበኛው አፈላልጋ መጣች። ስድስት ኪሎ አካባቢ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። የሀብሏ መቆለፊያ ተሰብሮ ነበር።

እሱ ሀብሉን ያያል... እሷ የእሱን አንገት ታያለች።

"ጋሼ፣ እስቲ ምራቅዎን ይዋጡልኝ።"

ተናደደ፣ ግን ዋጠ። ከዚያ እጁን አስዘርግታ ጣቶቹ ላይ ወረቀት አስቀመጠች። ወረቀቱ ተርገበገበ...

"ልብዎ ይመታል?"

"እንደ ሮጠ ሰው።"

"ተኝተውም?"

"ተኝቼም።"

በኋላ ቁጭ ብላ አስረዳችን። አንገታችን ላይ ከፊት በኩል ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ አለች፣ ታይሮይድ ትባላለች። የምታመነጨው ሆርሞን በደም አድርጎ ሰውነትን ሁሉ ያዳርሳል። ልብ በምን ፍጥነት እንደሚመታ፣ የበላነው ቶሎ ይቃጠል ወይስ ይቆይ... በአብዛኛው የምትወስነው እሷ ናት። አንጎላችን ሥር ደግሞ አተር የምታክል ሌላ ዕጢ አለች፣ እሷ ናት ታይሮይድን ጨምሪ ቀንሺ የምትላት። የአባቴ ታይሮይድ ግን ቀንሺ ስትባል አልሰማም ብላለች። የእጁ መንቀጥቀጥ፣ ላቡ፣ መክሳቱ፣ ቁጣው... ሁሉም ከዚያ የመጣ ነው።

"ጋሼ ቁጭ ብለውም እየሮጡ ነው" አለችው።

የደም ምርመራው እንዳለችው ሆነ። መድኃኒት ጀመረ።

ጋሽ ሐጎስ መታመሙን ሰምቶ ሙዝ ይዞ በራችን ድረስ መጣ። አባቴ የለም በይው አለኝ። እኔም በሩን ገርበብ አድርጌ የለም አልኩት... ከውስጥ የአባቴ ሳል እየተሰማ። ጋሽ ሐጎስ ሙዙን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

በሁለት ወሩ የአባቴ እጅ ጸና። አቶ እሸቴ ይቅርታ ጠይቀው ወንበሩን መለሱለት።

አሁን ከጋሽ ሐጎስ ጋር ጎን ለጎን ይሠራሉ። ወረንጦ እንኳን አይዋዋሱም።

ወገኖቼ... ሰው ሲከሳ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ጠባዩ ሲለወጥ ቶሎ ስም አትስጡት። ሌላ ሰው ያስመሰለችው በዓይን የማትታይ አንዲት ዕጢ ልትሆን ትችላለች። ከማማታችሁ በፊት አስመርምሩት።

ይህን ስጽፍ ግን ልቤ አላረፈም...

ለአቶ እሸቴ የተናገረው ጋሽ ሐጎስ አይደለም።

ሳህኑ በተሰበረ ማግስት ምሳ ይዤ ስሄድ አቶ እሸቴ በር ላይ አስቆሙኝ።

"አባትሽ ቤትም ይጠጣል አይደል?"

እኔ ትልቅ ሰው ሲያናግረኝ ድምፄ አይወጣም። ግን ያን ቀን ዓይን አፋርነት ብቻ አልነበረም... ተቀይሜው ነበር።

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ "እ" አልኩ። አዎ ማለቴ እንደሆነ ገባቸው። እኔም አላረምኩም።

እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እናንተ ብትሆኑ... መጀመሪያ የምትነግሩት ለማን ነበር? ለአባቴ ወይስ ለጋሽ ሐጎስ?