የቀነሰው ጭስ

የክልሉ ትራንስፖርት ኃላፊ መድረክ ላይ ቆሞ፣ «ዘንድሮ ከመኪኖቻችን የሚወጣው የተቃጠለ አየር በሲሶ ቀንሷል!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ስሌቱን የሠራችው ትርሲት ግን አላጨበጨበችም። የካርቦን ልኬቱ የሚሰላው ማደያዎች ከሸጡት ነዳጅ ተነስቶ ነው፤ ማደያዎቹ ደግሞ የሚሸጡት አጥተው ከርመዋል። ቦቴዎቹ ከተማ ሳይገቡ በየመንገዱ እየተራገፉ ነዳጁ በጥቁር ገበያ ይቸበቸባል። መኪና ጠፍቶ በሽተኛ በጋሪ ሲጫን በዓይኗ አይታለች።

እጇን አወጣች። «ክቡር ኃላፊ፣ ጭሱ አልቀነሰም። ነዳጁ እየተሰረቀ ሌላ ቦታ ነው የሚጨሰው።»

ኃላፊው ፈገግ አለ። «ሌላ ቦታ ከጨሰማ የእኛ ጭስ አይደለም፣ እህቴ።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ትርሲት ሁሉንም ተጸየፈቻቸው፤ ትናንት ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ሲራገሙ የዋሉት እነዚሁ ነበሩ። ቦርሳዋን አንስታ ወደ መውጫው አመራች።

በሩ ጋ ስትደርስ የኃላፊው ስልክ ጠራ።

«ምን? ልጃችን ምጥ ጠናባት? አምቡላንሱስ? ... ናፍጣ የለኝም አለ?»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። ጀርባውን ለተሰብሳቢው ሰጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ኮሌታው ላይ የተሰካው ማይክሮፎን ግን አልጠፋም ነበር።

«ስሚኝ፣ ጓሮ ካሉት በርሜሎች አንዱን ክፈችና ቅጂለት። ሾፌሩን ግን ወደ ውስጥ እንዳታስገቢው።»